«ሄዲስ» ስለ ተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የተሰጡ አስተያየቶችና የአንኮበር ሠዓሊ ጥያቄ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ሄዲስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታና ሐያስያን ስለ እርሱ የሰጡትን አስተያየት ነው። ጨዋታውን የሠራው ሱፐርጃያንት ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ ሥራው ገና ሳያልቅ በ2018 ለሙከራ ቀርቦ፣ በ2020 ተፈጽሞ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፎለታል፤ ብዙ ሽልማትም አግኝቷል። እኛ የምናነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሐያስያኑ በአንድ ድምፅ ያመሰገኑት ሥዕል በጨዋታው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ አንባቢ «ጌም የጊዜ ማባከኛ ነው እንጂ የተማሪ መጽሔት ጕዳይ አይደለም» ይለን ይሆናል። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ከተማ ጌም ቤት ገብቶ የተመለከተ ሰው፣ ስንት ወጣት ጆይስቲክ ለመያዝ ተራ እየጠበቀ እንደሚያመሽ ያውቃል። የወጣቱን ጊዜ ይህን ያህል የሚወስድ ነገር ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ከማለት በፊት፣ ምን እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ይገባል። ሁለተኛም፣ ከእኛ ጋራ የሚማር አንድ የአንኮበር ልጅ አለ፤ ሥዕል ይችላል። የአገሩን ታሪክ በቪዲዮ ጨዋታ ለመሥራት አስቦ፣ «የማንን አሣሣል ልከተል?» ሲል ጠየቀን። ይህ ጽሑፍ የእርሱን ጥያቄ ለመመለስ ስንሞክር የተጻፈ ነው።

«ሄዲስ»ን የተጫወትነው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ በአንድ ጓደኛችን ላፕቶፕ ላይ፣ ከብርዱ የተነሣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ አምስት ሆነን በየተራ ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅ ጨዋታው ይቋረጣል፤ እንደ ገና ሲከፈት ግን ተጫዋቹን ከገባበት ክፍል ደጃፍ ላይ ያቆመዋል እንጂ ድካሙን ሁሉ አያጠፋበትም። ሐያስያኑ ይህን ነገር እምብዛም አያነሡትም፤ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን ያመሰገንነው እርሱን ነው።

ሀ. የጨዋታው ዘር

«ሄዲስ» የሚመደበው «ሮግላይት» በሚባለው ወገን ነው። ስሙ የተገኘው በ1980 ከወጣው «ሮግ» ከተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በ«ሮግ» ተጫዋቹ ከምድር በታች ወዳለ ጕድጓድ ይወርዳል፤ ክፍሎቹ በወረደ ቍጥር አዲስ ሆነው ይደለደላሉ፤ ከሞተም ያገኘው ሁሉ ይቀርበትና ከመጀመሪያው ይነሣል። በ2008 በበርሊን የተሰበሰቡ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሠሪዎች የወገኑን ምልክቶች ዘርዝረው ጻፉ። ከዚህ ሕግ ጥቂቱን ያላላ፣ ማለት ተጫዋቹ ሲሞት ካገኘው አንዳንዱ እንዲተርፍለት የፈቀደ ጨዋታ «ሮግላይት» ይባላል፤ ስሙም በይበልጥ የታወቀው በ2013 «ሮግ ሌጋሲ» በወጣ ጊዜ ነው። በ2018 ደግሞ በፈረንሳይ አገር የተሠራው «ዴድ ሴልስ» ይህን አካሄድ ፈጣን ከሆነ የሰይፍ ፍልሚያ ጋራ አስተባበረው። «ሄዲስ» የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

ስለ ጥንቱ «ሮግ» አንድ ነገር አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን። በዚያ ጨዋታ በእጅ የተሣለ ሥዕል አልነበረም። ጀግናው ዛሬ በኢሜይል አድራሻ መካከል የምናየው ምልክት ነበር፤ ጠላቶቹም 26ቱ የእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ነበሩ። ዘንዶ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይታወቃል፤ ሌላውም አውሬ እንዲሁ። ተጫዋቹ ፊደሉን ባየ ጊዜ መሸሽ ወይም መዋጋት እንደሚገባው ወዲያው ይለያል። እንግዲህ በዚህ ወገን ጨዋታ ስክሪኑን ማየት ማለት ከጥንት ጀምሮ ማንበብ ማለት ነበር። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ለ. ታሪኩና አካሄዱ

ሄዲስ የግሪኮች የሙታን አምላክ ነው፤ የሚገዛውም አገር በስሙ ይጠራል። በግሪክኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቃል የተጻፈው በግዕዙ ሲኦል ተብሎ ይገኛል። የጨዋታው ጀግና ዛግሪየስ የሄዲስ ልጅ ነው። ከአባቱ ቤት አምልጦ ወደ ምድር ለመውጣትና ያላያትን እናቱን ፐርሰፎኔን ለማግኘት ይፈልጋል። በመንገዱ ላይ ታርታሮስ፣ አስፎዴል፣ ኤሊሲዮንና የስቲክስ ቤተ መቅደስ የሚባሉ አራት አገሮች አሉ፤ በመጨረሻው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የገዛ አባቱ ነው። ጀግናው ከስድስት ዓይነት መሣሪያ አንዱን ይይዛል፤ የኦሊምፖስ አማልክትም በየመንገዱ ስጦታ ይልኩለታል።

ዛግሪየስ ሲሞት ከደም ኩሬ ውስጥ ወጥቶ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። የቤቱ ሰዎች አሟሟቱን አንሥተው አንዱ ይቀልድበታል፤ ሌላው ይመክረዋል። ድል አድርጎ ወደ ምድር ቢወጣ እንኳ በዚያ ብዙ መቆየት ተፈጥሮው አይፈቅድለትምና ሞቶ ይመለሳል። ዋናው ታሪክ መደምደሚያ የሚያገኘው 10 ጊዜ ካመለጠ በኋላ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የግሪኮችን ተረት በእንግሊዝኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ አግኝተነው ስለ ነበር ስሞቹ እንግዳ አልሆኑብንም። እንግዳ የሆነብን፣ በሌላው ጨዋታ ሁሉ የታሪክ ማቋረጫ የሆነው ሞት እዚህ የታሪክ መቀጠያ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሐ. የሐያስያን አስተያየት

የሐያስያኑን አስተያየት በአራት ከፍለን ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሞትንና ታሪክን ስለ ማስተባበሩ የቀረበው ምስጋና ነው። ተጫዋች ሲሞት የሚሰማው ንዴት፣ በቤቱ ውስጥ አዲስ ወሬ ስለሚጠብቀው ወደ ጕጕት ይለወጣል ይላሉ። ይህ ምስጋና እውነት ነው። በ2021 የእንግሊዞቹ የባፍታ ሽልማት ጨዋታውን የዓመቱ ምርጥ ብሎታል፤ በዚያው ዓመት ለሳይንሳዊና ለምናባዊ ልብ ወለድ የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ለቪዲዮ ጨዋታ ሲሰጥ የመጀመሪያው ለ«ሄዲስ» ሆነ። የሐያስያን ነጥብ ተሰብስቦ በሚታሰብበት በሜታክሪቲክ ዘንድም ከ100 ነጥብ 93 አግኝቷል።

ሁለተኛው የመደጋገም ክስ ነው። ክፍሎቹ ቦታ ቢለዋወጡም አራቱ አገሮችና የበሮቹ አለቆች ያው ናቸው፤ ሠላሳ ጊዜ የወጣ ሰው መንገዱን እንደ ሰፈሩ ጎዳና ይለምደዋል ይላሉ። እኛም ይህ ደርሶብናል። ንግግሩ አዲስ እየሆነ ይመጣል፤ መንገዱ ግን ያረጃል።

ሦስተኛው የጥንቱን ሕግ ከሚያጠብቁት ወገን የመጣ ነው። በዛግሪየስ መኝታ ክፍል ውስጥ የሌሊት መስተዋት አለ፤ ጀግናው በየጕዞው በሚሰበስበው ነገር በዚህ መስተዋት ኀይሉን ለዘለቄታው ያሳድጋል። ደግሞም ለሚፈልግ ተጫዋች ጕዳቱን ከ100 እጅ 20ውን የሚቀንስ፣ በሞተም ቍጥር 2 እየጨመረ እስከ 80 የሚደርስ ርዳታ ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ተጫዋቹ በመጨረሻ ድል ሲያደርግ ራሱ ሠልጥኖ ይሁን ጀግናው በርትቶለት አይታወቅም ይላሉ። ክሱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከአምስታችን ሁለቱ ከዚህ በፊት ፈጣን ጨዋታ ነክተው የማያውቁ ነበሩ፤ ይህ ርዳታ ባይኖር ኖሮ የታሪኩን ፍጻሜ ከሌላ ሰው አፍ ብቻ ይሰሙት ነበር። የማይፈልገው ሰው ደግሞ ርዳታውን ሳይነካ መጫወት ይችላል።

አራተኛው ስለ ሥዕሉ ነው። የሥዕሉን ሥራ የመራችው ጄን ዚ ናት። ወፍራም ጥቍር መስመርና ጥላ፣ ደማቅና ጥርት ያለ ቀለም፣ ተጫዋቹን ትክ ብሎ የሚያይ ፊት መለያዎቿ ናቸው። ሐያስያኑ ይህን አሣሣል በቀለም ከደመቀ የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ፣ ማለት ከኮሚክስ ጋራ እያመሳሰሉ አመስግነውታል። አማልክቱ ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ይዘው በመሣላቸው ግን ተጫዋቾች ተከራክረዋል፤ አቴና ጠይም፣ የኦርፌዎስ ሚስት ኤውሪዲቄ ጥቍር ሆና ቀርባለችና። «ግሪክ እንዲህ አይደለም» ለሚለው ወገን፣ ሆሜር ራሱ ዜውስን ከአማልክቱ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ሰዎች ግብዣ እንደ ላከው ማስታወስ የሚበቃ ይመስለናል። በእርግጥ የሆሜር «ኢትዮጵያ» ከዛሬዋ አገራችን ጋራ አንድ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን የግሪኮች ተረት ከጠይም ሰው ጋራ ትውውቅ አልነበረውም የሚል ሰው ተረቱን አላነበበውም።

በነዚህ አስተያየቶች ላይ ሁለት ነገር እናነሣለን። አንደኛ፣ በቍጥር የተሰጠ ነጥብ ዓላማው ገዢን መምከር ነው፤ ጨዋታው ሲወጣ ዋጋው 24 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበርና፣ የውጭ አገር ሐያሲ «ይህን ገንዘብ ያወጣል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በአንድ ላፕቶፕ አምስት ሆኖ ለሚጫወት ተማሪ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከዚህ ነገር ምን እንማራለን? ይላል። ሁለተኛ፣ ካነበብናቸው ሐያስያን ብዙዎቹ አንድ አንቀጽ ስለ ፍልሚያው፣ አንድ ስለ ታሪኩ፣ አንድ ስለ ሙዚቃው ይጽፉና በመጨረሻው «ሥዕሉም ያምራል» ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉ በበዓል ቀን ለቤት ማሳመሪያ እንደሚነጠፍ ቄጠማ ይቈጠራል። ይህ አስተያየት ጐደሎ መስሎ ይታየናል።

መ. ሥዕሉ የሚሠራው ሥራ

በፍልሚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። አሥር የሚያህል ጠላት በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ አንዱ ቀስት ይወረውራል፤ ሌላው ይንደረደራል፤ ተጫዋቹ ለመወሰን ያለው ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ሥዕሉን ቆሞ የሚያደንቅ የለም። ተጫዋቹ የሚያደርገው ምልክት ማንበብ ነው። የዛግሪየስ እግር እንደ ፍም የሚቀላ ስለ ሆነ፣ በጠላት መካከል ቢከበብም ራሱን ይለያል። መሬቱ በቀይ ከከበበው ጕዳት ሊወርድበት መሆኑን ያውቃል። ታርታሮስ አረንጓዴ፣ አስፎዴል የቀለጠ እሳት ስለ ሆነ፣ በየትኛው አገር እንዳለ መጠየቅ አያስፈልገውም። የአማልክቱም ስጦታ በቀለሙ ይታወቃል፤ የዜውስ መብረቅ ቢጫ፣ የፖሲዶን ማዕበል ሰማያዊ፣ የዲዮኒሶስ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ነው።

እንግዲህ በ«ሮግ» ፊደል ይሠራው የነበረውን ሥራ፣ በ«ሄዲስ» መስመርና ቀለም ይሠሩታል። ወፍራሙ ጥቍር መስመር ሰውን ከመሬቱ፣ ጠላትን ከግድግዳው ይለያል። የጄን ዚ ሥራ ሊመሰገን የሚገባው ከሁሉ በፊት በዚህ ነው፤ ያለ እርሱ ፍልሚያው ራሱ አይኖርምና። በጨዋታ ውስጥ ያለ ሥዕል መልካም የሚባለው እጅን የሚመራ ሲሆን ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ግን «ሄዲስ» ሁለት ጕድለት ይታይበታል። የመጀመሪያው፣ በጨዋታው ውስጥ ያለው አሣሣል አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ የሚወጣው በእጅ የተሣለ ትልቅ መልክ ነው፤ ውበቱ የሚደነቀው ይኸው ነው፤ ነገር ግን ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። በፍልሚያው የሚሮጠው ትንሹ ሰው ግን በኮምፒዩተር እንደ ሐውልት ተቀርጾ ከላይ በስላች የሚታይ ሌላ ሥራ ነው። ሐያስያኑ የሚያመሰግኑት ፊተኛውን ነው፤ ተጫዋቹ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ከኋለኛው ጋራ ነው።

ሁለተኛው ጕድለት፣ የአማልክቱ ስጦታ ሲበዛ የቀለሙ ሕግ መፍረሱ ነው። መብረቁ፣ ማዕበሉና ጭሱ በአንድነት ሲነሡ ስክሪኑ በቀለም ይሞላል፤ የጀግናው እግርም ከዓይን ይጠፋል። በምን እንደ ሞትን ሳናውቅ ብዙ ጊዜ ሞተናል። ተጫዋቹ በበረታ ቍጥር ማየት እያቃተው ይሄዳል ማለት ነው። በ2024 ለሙከራ ቀርቦ በ2025 የተፈጸመው «ሄዲስ 2» ላይ የሚጽፉ ሐያስያንም ከውበቱ አስቀድመው ይህን ቢመረምሩ መልካም ነው።

ሠ. በአንኮበር የተጠየቀ ጥያቄ

ከሐያስያኑ ሌላ፣ የሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው ምን እንደሚል ለመስማት ብለን ከጓደኛችን ጋራ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አንኮበር ሄድን። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ እንደ ነበረች ይታወቃል። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሡ ሲመጣ ቤርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ እርሱም ሸዋን በአውሮጳ ሥርዐት፣ የቅርቡን አጕልቶ የሩቁን አሳንሶ ሣላት። በዚያው ዘመን የአገሩ ሠዓሊዎች በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሌላ ሥርዐት ይሥሉ ነበር። የጓደኛችን ጥያቄ፣ «የማንን አሣሣል ልከተል?» ማለቱ፣ በዚህ ስፍራ አዲስ ጥያቄ አይደለም።

ጓደኛችንን በልጅነቱ ፊደል ያስቈጠሩት መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የሚሥሉ አረጋዊ ናቸው። የዛግሪየስን ትልቁን መልክ በስልክ አሳየናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣

«ዓይኑን ምን አድርገውት ነው? አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ?» አሉ።

«የኔታ፣ ቀዩ የአባቱ ነው፤ አረንጓዴው የእናቱ» አላቸው ጓደኛችን።

«እንግዲያስ የሣለው ሰው ዐውቆ ነው» ብለው እንደ ገና ተመለከቱት። ቀጥለን ፍልሚያውን በተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየናቸው።

«ይኸ ትንሹ ደግሞ ማነው?»

«ያው እርሱ ነው፣ የኔታ።»

«ያ ባለ ሁለት ዓይኑ? ታዲያ ዓይኑ የታለ?»

መልስ አጣን። በኋላ ጓደኛችን፣ «በእግሩ ነው የምንለየው፤ እንደ ፍም ይቀላል» ቢላቸው፣ «እህ! ትልቁ በዓይኑ፣ ትንሹ በእግሩ» ብለው ሳቁ። ካነበብናቸው ሐያስያን መካከል ይህን ጥያቄ የጠየቀ አላገኘንም። ዓይኖቹ የታሪኩ ዋና ምልክት ናቸው፤ የአባቱንና የእናቱን ጠብ በአንድ ፊት ላይ ያሳያሉ፤ ተጫዋቹ እጁን በሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ግን የሉም።

መምህሩ ዓይኑን አስቀድመው መጠየቃቸው ከሠለጠኑበት ሥርዐት የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል፣ በአብዛኛው ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጐን ሆነው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። መስመሩ ጥቍርና ግልጽ ነው፤ ቀለሙም ሳይደባለቅ ይቀመጣል። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ ምእመን በሩቅ ቆሞ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ ያነባል። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 በነገሡበት ዘመን ለእመቤታችን ሥዕል ክብር እንዲሰጥ ማዘዛቸውና ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በዚያው ዘመን መነሣቱ የታወቀ ነው። ሥዕልን እንደ ሕግ የማንበብ ልማድ በዚህ አገር ከ500 ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። የትንሣኤ ሥዕላችን የሚያሳየው ሲኦልን ነው፤ ክርስቶስ ወርዶ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ያወጣቸዋል። በ«ሄዲስ» ልጁ ለመውጣት የሚታገለው በራሱ ክንድ ነው፤ ወጥቶም ተመልሶ ይወድቃል። አንዳንድ ወላጅ ጨዋታው ጣዖትን ያስተምራል ብሎ ይፈራ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ ለዜውስ የሚሰግድ ሰው አላየንም። ይልቅስ ወጣቱ ሊያስተውለው የሚገባው፣ አንደኛው ሥዕል ሰው በሌላ እጅ ይድናል ሲል፣ ሌላው በመደጋገም ብዛት ይወጣል ማለቱን ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በጨዋታው አይጐዳም ብለን እናስባለን።

ረ. ለአገራችን ሠሪዎች

በአገራችንም የቪዲዮ ጨዋታ መሥራት ተጀምሯል። በአዲስ አበባ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ በ2018 «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ ከገበሬ እየሸሸች የምትሮጥ ዶሮ ታሪክ ነው። ያው ድርጅት የገበጣን ጨዋታም ለስልክ አዘጋጅቷል። በ«ኩኩሉ» ውስጥ ታሪኩ የአገራችን ነው፤ ሳያቋርጡ የመሮጡ ሕግ ግን በ2011 እንደ ወጣው «ቴምፕል ረን» ከመሰሉ የውጭ ጨዋታዎች የታወቀ ነው። በገበጣው ደግሞ ሕጉ ራሱ የአባቶቻችን ነው። ሁለቱም የሚመሰገን ጅምር ነው። ሦስተኛው መንገድ ግን ገና አልተሞከረም ብለን እናምናለን፤ ይኸውም የአገራችንን ሥዕል ለጌጥ ሳይሆን ለጨዋታ ሕግነት መጠቀም ነው። የላሊበላን መስቀል በውጭ አገር ጨዋታ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የአገር ጨዋታ አያሰኝም። የጄን ዚን ጥቍር መስመር መቅዳትም እንዲሁ ነው፤ ከእርሷ የምንማረው መስመሩ የተጫዋቹን እጅ እንዲመራ ማድረግን ነው።

ጓደኛችን ያሰበው ታሪክ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ወጥቶ በቈላው መንገድ ወደ አልዩ አምባ ገበያ መልእክት ስለሚያደርስ ሰው ነው። መልእክተኛው በጕም ይሳሳታል፤ መንገዱ በወረደ ቍጥር ይለወጣል፤ ከወደቀም እንደ ገና ከአንኮበር በር ይነሣል። ለዚህ ያሰበው ሕግ እንዲህ ነው፤ በጐን የሚታይ ሰው ጠላት ነው፤ ዞሮ ሁለት ዓይኑን ያሳየ ግን ታርቋልና መመታት የለበትም። ይህን በሰማን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። ቀጥሎ ግን አንድ ችግር ታየን። በሥዕል ያለ ሰው እንደ ተሣለ ይቆያል፤ በጨዋታ ያለ ሰው ግን ወደ ቀኝ ሲሮጥ በግድ በጐኑ ይታያል። እንግዲያስ ወዳጅም ሲሮጥ ጠላት ሊመስል ነው። ለዚህ እስካሁን መልስ አላገኘንም።

ሌላም ችግር አለ፤ ለእርሱ ግን መልስ ተሰጥቶናል። ጓደኛችን አሣሣሉን ለጨዋታ ሊጠቀምበት እንደሚፈልግ ለመምህሩ በነገራቸው ጊዜ ፊታቸው ጠቈረ።

«ቅዱሳኑን ለጨዋታ እንዳታደርጓቸው፣ ልጄ። ሰው በጣቱ እያንከባለለ የሚጥላቸው፣ የሚያነሣቸው ከሆነ እኔ የለሁበትም።»

«ቅዱሳኑን አልነካም፣ የኔታ። መስመሩንና ዓይኑን ብቻ ነው።»

«መስመርማ ማን ይከለክልሃል? እኔስ ከመምህሬ እጅ አይቼ አይደል?»

ስለዚህ ለጓደኛችን የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። ሐያስያኑ ያደነቁትን ትልቁን መልክ አስቀድሞ አይሣል፤ በስክሪኑ ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጠውን ትንሹን ሰው አስቀድሞ ይሣል። ያ ትንሽ ሰው በጕም ውስጥ፣ በጠላት መካከል፣ በፈዘዘ የስልክ ስክሪን ላይ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ፣ ትልቁ መልክ ከእርሱ ሊወጣ ይችላል። «ሄዲስ» በሌላው ሁሉ ብልጫ ቢኖረውም በዚህ ነገር ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል፤ የመምህሩም ጥያቄ ይህንኑ ገልጦብናል።

ጓደኛችን በአሁኑ ጊዜ በደብተሩ ላይ አንድ በርና አንድ ትንሽ ሰው ሥሏል፤ ዓይኑ ከሩቅ እንዲታይ ራሱን ከሰውነቱ አብልጦ አተለቀው። ለመምህሩ አሳይቷቸው ምን እንደሚሉ እንጠብቃለን። በጽሑፋችን የተሳሳትነው ቢኖር፣ ይልቁንም ስለ ሮጭው ሰው ዓይን መፍትሔ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በሚቀጥለው ዕትም እንዲጽፍልን በትሕትና እንለምናለን።